በገብርኤል እግር ሥር የቀረችው ባዶ ቦታ

በአንድ ወቅት፣ ዓይን በቅጽበት የሚሻገረውን ገደል እግር በአራት ቀን በሚሻገርበት አገር፣ እንቆባሕርይ የሚባል ሠዓሊ ነበር። ከገደሉ ወዲህ አምባ ጽጌ አለች፤ ከገደሉ ወዲያ ሽንቁር። በጠራ ቀን የአምባ ጽጌ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ የሽንቁርን ጎጆዎች አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል። አንዱ ጎጆ ሲቃጠል ጭሱን ያያል። «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ሁለት ቀን ቁልቁል፣ ሁለት ቀን ሽቅብ መሄድ አለበት። መካከል ያለው ወንዝ ከሞላማ ጠያቂውም ተጠያቂውም መስከረምን ይጠብቃሉ። በዚያ አገር «ዘመድህ የት ነው?» ሲሉት «ማዶ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነበር። ማዶ ማለት ይታያል እንጂ አይሰማም ማለት ነው።

እንቆባሕርይ በእጁ የሚተማመን ሰው ነበር፤ መተማመኑም በከንቱ አልነበረም። ፊታውራሪ ደርሶ ያሠሩትን የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እንዲሥል ሲጠራ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የእሱ ጻድቃን ትኩር ብለው ሲያዩህ የበደልከው ሰው ትዝ ይልሃል ይባል ነበር። የሠዓሊዎችን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጢአተኛና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከዚህ ሕግ አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አያውቅም።

ያን ዓመት ገብርኤል ለእመቤታችን ብሥራቱን ሲነግራት እየሣለ ነበር። ከመልአኩ እግር ሥር ክንድ የምታህል ቦታ ባዶዋን ተተወች። ሥዕሉን ያሠራ ሰው ተንበርክኮ የሚሣልባት፣ ስሙም የሚጻፍባት ቦታ ናት። እንደ ወጉ ለፊታውራሪው ትገባ ነበር። እሳቸው ግን አልፈለጉም።

«እኔ ያወጣሁት ገንዘብ ነው» አሉ። «ገንዘብ ያወጣ ሁሉ መልአክ እግር ሥር አይንበረከክም። የሚገባው ሰው እስኪገኝ ትቆይ።»

ቆየች። የዛሬው ነገራችንም ስለዚህች ክንድ ስለምታህል ቦታ ነው።

የሠዓሊው ሚስት ስንዱ ትባላለች፤ የሽንቁር ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና ወሯ ሲገባ ወደ ማዶ ልትሄድ ተነሣች።

«የእመቤታችንን ፊት ሳትጨርስ እንዳትመጣ» አለችው ስትሰናበት። «ግማሽ ፊት ትተህ ከመጣህ ልጁም ግማሽ ፊት ይዞ ይወለዳል።»

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«እልክብሃለሁ።»

አንድ ማክሰኞ ቀን እንቆባሕርይ ብሩሹን ሊያጥብ ወጣ ብሎ ወደ ማዶ ቢያይ፣ በሽንቁር ሸንተረር ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ግጥም ብሎ ተሰብስቧል። «ሰርግ አላቸው» አለ ለብቻው። ስንዱ ሰርግ እንደምትወድ አስቦ ፈገግ አለ። ከዚያ ብሩሹን አጥቦ ገባና የእመቤታችንን ፊት ጨረሰ።

ዓርብ ዕለት ሁለት መልእክተኞች አብረው ደረሱ። አንደኛው «ምጥ ጠንቶባታል፣ ቶሎ ድረስ» ሊል የተላከ ነበር። ወንዙ አግዶት ሁለት ቀን ሲጠብቅ ሁለተኛው ደረሰበት። ሁለተኛው የተላከው «ከነልጇ ተቀበረች» ሊል ነበር። እንቆባሕርይ ማክሰኞ ያየው ሰርግ የሚስቱ ቀብር ነበር።

ለቅሶው አምባ ጽጌ ላይ ተቀመጠ። ሙሾ የምታወርደው ማንጠግቦሽ ናት። ይህች ሴት ፊደል የምትባል ነገር አታውቅም፤ ቃል ግን ታውቃለች። አርባ ዓመት ሙሉ የአገሩን ሙታን በግጥም ስትሸኝ ኖራለች፤ ለማንም አታዳላም፣ ለማንም አትራራም። ያን ቀንም ሠዓሊውን ፊት ለፊት እያየች እንዲህ አለች፦

ቀለም ሲበጠብጥ ያ ሠዓሊ ባሏ፣
ማዶ ሆኖ ቀረ የኑዛዜ ቃሏ።

ለቀስተኛው ደንግጦ አንገቱን ደፋ። እንቆባሕርይ ግን አልተቆጣም፤ እውነት ነበረና። ከዚያ ቀን በኋላ ቀለሙ በየዋንጫው ደርቆ ቀረ። ሰው «ሐዘን ነው፣ ይተወዋል» አለ። አልተወውም። አንድ ነገር ብቻ ይመላለስበት ነበር፤ አይቻለሁ፣ ግን አላወቅሁም። ዓይኑ የደረሰበት ቦታ ቃል እንዲደርስ ካላደረገ ብሩሽ እንደማይነካ ለራሱ ማለ።

መጀመሪያ የሞከረው እንደ ሠዓሊ ነበር። ሰባት ትልልቅ ጨርቆች በሰባት ቀለም ነክሮ ገደሉ አፋፍ ላይ ሰቀለ። ቀይ ለሞት፣ ቢጫ ለልደት፣ እያለ ለሁሉም ፍች አወጣላቸው። ከዚያ ከማዶ እንዴት እንደሚታዩ ሊያይ አራት ቀን ተጓዘ። ሽንቁር ሸንተረር ላይ ወጥቶ ዘወር ሲል ሰባቱም ጨርቆች አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ሆነው ጠበቁት። ሩቅ ተራራ ሁሉ ሰማያዊ መሆኑን ማንም እረኛ ያውቃል፤ የአገሩ ታላቅ ሠዓሊ ይህን ለመማር አራት ቀን በእግሩ ሄደ። ሰው ከኋላው «ለየለት» ይለው ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አልሰማም።

እዚያው ቆሞ ሲተክዝ አንድ ብርሃን ዓይኑን ወጋው። ከታች ከመንደሩ ጥግ አንድ ቀጥቃጭ የነሐስ ሳህን እያገላበጠ ይቀጠቅጣል። ሳህኑ በተገላበጠ ቁጥር ፀሐይዋ ተወርውራ ሸንተረሩ ላይ ትወድቃለች። እንቆባሕርይ ቁልቁል ሮጠ።

ቀጥቃጩ ዳምጤ ይባላል። ሽንቁሮች የሠራውን ማረሻ ይወዳሉ፤ የሠራበትን ዓይን ግን ይፈራሉ። ዓይኑ ሰው ይበላል ብለው ልጆቻቸውን በደጁ አያሳልፉም፤ ማረሻ የሚቀበሉትም ቆመው ነው። እንቆባሕርይ ሄዶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ዳምጤ መዶሻውን እንዳነሣ አየው።

«ይህችን ብርሃን ወደ አምባ ጽጌ መወርወር ትችላለህ?»

«አምባ ጽጌ የት ላይ?»

«የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ።»

ዳምጤ ሳቀ። «አለቃ፣ እኔ እዚያ ግድግዳ አጠገብ እንድደርስ ተፈቅዶልኝ አያውቅም። እስቲ ብርሃኔ ትድረስልኝ።»

እንግዲህ ዳምጤ የሠራውን ስሙ። አርባ ቀን በአመድና በአሸዋ አሽቶ ሁለት ሳህኖች አወጣ፤ ፊትህን ብታይባቸው የሽፋሽፍትህን ቁጥር ይነግሩሃል። ብርሃኗ ግን አልታዘዝ አለች፤ አንዴ ሰማይ ላይ፣ አንዴ ገደል ውስጥ ትወድቃለች። ሠዓሊው ዘዴ ጠፋው። ዳምጤ ለማንም ሳይነግር ሳህኗን መካከሏ ላይ በሳት። እንቆባሕርይ አርባ ቀን የታሸው ነሐስ ሲበሳ አይቶ ራሱን ያዘ። ዳምጤ ግን ቀኝ ዓይኑን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ አነጣጠረና ብርሃኗን ማዶ፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ምስማር ተከላት።

አሁን ደግሞ እንቆባሕርይ የሠራውን ስሙ። ብርሃን ይበራል፣ ይጠፋል፤ ከዚህ ሌላ አያውቅም። እሱ ግን ፊደልን በብርሃን ሊያስቆጥር አሰበ። የፊደልን ቤተሰቦች አምስት አምስት አድርጎ አሰለፋቸው። መጀመሪያ የሰልፉን ቁጥር ታበራለህ፣ ቀጥሎ በሰልፉ ውስጥ ያለውን ተራ፣ በመጨረሻ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስንተኛው እንደሆነ። ለምሳሌ «ሉ» የመጀመሪያው ሰልፍ ነው፣ ሁለተኛ ተራ፣ ሁለተኛ ድምፅ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ብሎ አበቃ። ለዳምጤም ማንበብ ስለማይችል በብራና ላይ ለየቤተሰቡ ሥዕል ሣለለት፤ ለ«በ» በግ፣ ለ«ከ» ከበሮ። ብሩሽ አልነካም ያለ ሰው ያቺን ብራና በከሰል ሣላት፤ መሐላውን እንዳላፈረሰ ለራሱ ሲያስረዳ አንድ ቀን ፈጀበት።

ቁጥሩ እንዲያጥር ደግሞ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች አስወጣ። ሐመሩ ሐ ወጣ፣ ብዙኃኑ ኀ ወጣ፣ ንጉሡ ሠም ወጣ። ይህን ሲሰሙ የደብሩ መሪጌታ ላእከ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

«ንጉሡን ሠ አባረርከው?»

«አልተባረረም መሪጌታ፤ ለጉዞ ስለከበደ ቤት ቀረ።»

«እንግዲያው አንተም ሠዓሊ መሆንህ ቀረ። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሰአሊ ማለት ለማኝ ነው።»

«ልለምን ግድ የለም» አለ እንቆባሕርይ። «ብቻ ልመናዬ በጊዜ ይድረስ።»

መሪጌታ አፈሩም፣ አዘኑም። ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ትተው ቆጠራውን ተማሩ ይባላል።

ቀኑ ተቆረጠ። ዳምጤ በሽንቁር፣ እንቆባሕርይ በአምባ ጽጌ፣ ሁለቱም ሳህናቸውን ይዘው ቆሙ። እንቆባሕርይ ዳምጤን «የፈለግኸውን ቃል ላክ» ብሎት ነበር። ብርሃኗ ብልጭ ብልጭ አለች፤ እንቆባሕርይ ድንጋይ ላይ በከሰል ጻፈ፤ ሦስት ፊደል ሆነ። «ደረሰ»። ዳምጤ መጠየቁ ይሁን ማብሠሩ አይታወቅም፤ ብርሃን የጥያቄ ምልክት የላትም። እንቆባሕርይ ድንጋዩን አቅፎ አለቀሰ፤ ሰውም አብሮት አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሁለቱ አምባዎች ሲያወሩ ኖሩ። ላም ወለደች፣ እህል ረከሰ፣ እገሌ አረፈ፤ የማዶ ሰው ለቅሶውን በዕለቱ ተቀመጠ። እንቆባሕርይ ፊደሉ ሁሉን ይችላል ብሎ አመነ።

አንድ ነገር ግን አይችልም ነበር። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ አንባቢው ከአፉ ይጨምርበታል። ዳምጤ ከአፉ ያወጣውን ቃል ብርሃኗ አጥንቱን ብቻ ይዛ ትሻገራለች። አራት ዓመት ማንም ይህን ልብ አላለም፤ ላም መውለዷ ቢጠብቅም ቢላላም ያው ላም ናትና።

በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ እየደመነ ሳለ ከሽንቁር ብርሃን መጣች። እንቆባሕርይ ጻፈ፦ «ሽፍታ ገባ ሰባት ቤት ጨረሰ መንገድ ያዙ»። ከዚያ ደመናው ተዘጋ፤ መልሶ ለመጠየቅ ፀሐይ አልነበረችም።

በዚያ ዘመን ቆላው ሽፍታ አጥቶ አያውቅም። እንቆባሕርይ ድንጋዩን ይዞ ወደ ፊታውራሪው እየሮጠ ሄደ። ልቡ በደስታ ተሞልቶ ነበር ማለት ያሳፍራል፤ ግን ተሞልቶ ነበር። በዚህ ጊዜ አልዘገየሁም፣ በዚህ ጊዜ ቃሉ በጊዜው ደረሰ፣ እያለ ነበር የሚሮጠው።

«መንገድ ያዙ ብለውናል» አሉ ፊታውራሪው አንብበው። «እንይዛለን።»

ነጋሪት ተመታ፤ ከቀትር በፊት ሁለት መቶ ሰው ጦርና ጋሻ ይዞ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ተሰለፈ። ማንጠግቦሽም ተጠራች፤ ሟች ስትሸኝ በሙሾ፣ ዘማች ስትሸኝ በቀረርቶ ነው። እሷ ግን ቀረርቶውን ከመጀመሯ በፊት ሠዓሊውን ጠራችው።

«አንተ ሠዓሊ፣ ዳምጤ ምን አለ? እንዳለው ንገረኝ፤ ያንተን አትጨምርበት።»

አነበበላት።

«ጨረሰ ነው የሚለው?»

«ጨረሰ ይላል፣ እማማ ማንጠግቦሽ።»

«ሽፍታ ይዘርፋል፣ ያቃጥላል፣ ይገድላል። ቤት አይጨርስም። ቤት የሚጨርሰውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አርባ ዓመት ተከትዬው ያለቀስኩ ሴት ነኝ።» «ሽፍታ» የሚለውን ቃል ለብቻዋ ደጋግማ አለችው። አንዴ አላልታ አለችው፤ ቀጥላ «ፍ»ን በጥርሷና በከንፈሯ መካከል ይዛ አጠበቀችው። ፊቷ ተለወጠ። «እናቴ የሽንቁር ሰው ናት። እዚያ ያንን በሽታ በስሙ አይጠሩትም፤ ስሙን የጠራውን እሱም ይጠራዋል ይላሉ። ገላ ላይ ሽፍ የሚለውን አይተው ሽፍታ ብቻ ይሉታል። ሲላላ የዱር ነው። ሲጠብቅ የገላ ነው።»

ፊታውራሪው ከበቅሏቸው ወረዱ። «መንገድ ያዙ ማለቱስ?»

«የዱር ከሆነ ተነሡ ማለቱ ነው፤ የገላ ከሆነ ዝጉ ማለቱ ነው። ከወረዳችሁ ይዛችሁት ትመጣላችሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ፊታውራሪ።»

ከዘማቾቹ መካከል ማጉረምረም ተነሣ። ሽንቁር ውስጥ ወንድም ያለው፣ እህት የዳረ ብዙ ነው። «በአልቃሽ ጆሮ ተማምነን ወንድሞቻችንን እናስፈጅ?» አለ አንዱ። ፊታውራሪው ወደ ሠዓሊው ዞሩ።

«ፊደሉን ያበጀኸው አንተ ነህ። የቱ ነው?»

እንቆባሕርይ ድንጋዩን አየው። «የዱር ነው» ቢል ሁለት መቶ ሰው ይከተለዋል፤ አራት ዓመት የተከበረበት ጥበብም ሳትነካ ትኖራለች። የዱር ሆኖ ሳለ ከከለከለ ደግሞ ማዶ ያለው ሰው በዓይኑ እያየ ያልቃል፤ ነጭ የለበሰውን ስብሰባ ሁለተኛ ጊዜ ያያል ማለት ነው። የሕይወቱ ከባድ ሰዓት ያ ነበር።

«አላውቅም» አለ። «የእኔ ፊደል ጆሮ የለውም። እማማ ማንጠግቦሽ ግን አላቸው። ፀሐይ ወጥታ እስክጠይቅ ማንም አይውረድ።» ከዚያ ሄዶ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ጠባብ መግቢያ ላይ በጀርባው ተጋደመ። ሊወርድ የሚፈልግ በላዩ መራመድ ነበረበት። ማንጠግቦሽም ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች።

ሁለት ቀን ደመና ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ተሰደቡ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደመናው ተቀደደ። እንቆባሕርይ ተነሥቶ «የምን ሽፍታ» ብሎ ላከ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ቀጥሎ ብርሃኗ መጣች፤ እየተንቀጠቀጠች፣ ቁጥር እየሳተች፣ እንደገና እየጀመረች። «የገላ»። ትንሽ ቆይታ «አትምጡ»። ከዚያ በኋላ ብርሃኗ አልጠፋችም፤ ግድግዳው ላይ እንደቆመች ቀረች፤ ፀሐይዋ ስትዞር ቀስ እያለች ወረደችና ገደል ገባች።

ኋላ እንደተሰማው፣ ዳምጤ የመጀመሪያውን መልእክት በላከበት ጠዋት ሴት ልጁን ቀብሮ ነበር የመጣው። ሽፍታው ፊቱን ሞልቶት፣ ዓይኖቹ አብጠው፣ እግሩ አልቆም ሲለው ወገቡን ከሳህኗ ምሰሶ ጋር በጠፍር አስሮ ሁለት ቀን ፀሐይ ጠበቀ። ቃሉን ጨርሶ ሲልክ እዚያው ታስሮ ራሱን ሳተ።

መንገዱ ተዘጋ። አምባ ጽጌዎች እህል እየተሸከሙ እስከ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ በሽታው ያልነካቸው ሽንቁሮች መጥተው ይወስዳሉ። ወንዙ ሲሞላ በገመድ አሻገሩ። ሽንቁር ከሦስት ሰው አንድ አጣች። አምባ ጽጌ ውስጥ አንድ ሕፃን እንኳ አልታመመም።

መስከረም ጠብቶ መንገድ ሲከፈት ዳምጤ መጣ። ፊቱ ተቦርቡሯል፤ ቀኝ ዓይኑ፣ ያቺ በቀዳዳዋ የሚያነጣጥርባት፣ ጠፍታለች። ፊታውራሪው ሕዝቡን ሰበሰቡ።

«ከገብርኤል እግር ሥር ያለችው ቦታ ባለቤት አገኘች» አሉ። «አገራችን የዳነችው በደረሰ ቃል ነው። 'ቃል ያደረሰ' ተብሎ ይጻፍባት፤ ያደረሰው ሰው ፊትም ይሣልባት። ሠዓሊ ሆይ፣ ብሩሽህን አንሣ።»

«የማንን ፊት?» አለ እንቆባሕርይ።

ያኔ ነው ነገሩ የተነሣው።

መሪጌታ ላእከ ቀደሙ። «ነሐስ ዱሮም ነበረ፤ ፀሐይም ነበረች። ሰው ሁሉ ሲያብለጨልጭ አይቶ ዓይኑን ጋርዶ ያልፍ ነበር። ብርሃንን ቃል ያደረጋት እንቆባሕርይ ነው። ሲሳሳትም 'አላውቅም' ያለው እሱ ነው፤ በስንት ዘመን አንድ ሊቅ ይህችን ቃል ሲል ሰምታችኋል?»

ሽንቁሮች መለሱ፤ ዱሮ የዳምጤ ደጅ ላይ የማይቀመጡት እነዚያው ናቸው። «ፊደል ብራና ላይ ቢሰቀል ራሱ አይናገርም። ሳህኗን የሠራ እሱ፣ የበሳት እሱ፣ ሞት ገላው ላይ እያለ የላከ እሱ። ዓይኑን ሰጥቶ ነው ያደረሰው።»

ሴቶቹ ሳቁባቸው። «ቃሉማ ደርሶ ነበር፤ ተሳስቶ ደረሰ። ሳይሰሙት የደረሰ ቃል ደረሰ ይባላል? ማንጠግቦሽ ባትሰማው ሁለት መቶው ወርደው በሽታውን እዚህ ያመጡልን ነበር። ፊደሉም፣ ሳህኑም፣ የዳምጤ ዓይንም በከንቱ ይቀር ነበር።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። «ሦስቱንም ይሣላቸው።»

«ቦታዋ ግን የአንድ ሎሚ ናት» አለ እንቆባሕርይ። እውነቱን ነው፤ ሦስት ፊት ቢገባባት የማንም ፊት ምስር አያህልም።

ሕዝቡ ሲበተን ሦስቱ ግድግዳው ፊት ቀሩ። ዳምጤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቀና ብሎ መልአኩን አየና በለሆሳስ ተናገረ።

«አለቃ፣ አልዋሽም፣ እፈልጋታለሁ። ሁለት ልጆች ቀርተውኛል። ሰው ሲሸሻቸው ጣታቸውን ቀስረው 'ያ አባታችን ነው' የሚሉበት ቦታ ይኑራቸው። ከሣሉኝ ግን እንዳለሁ ይሣሉኝ። ሁለተኛ ዓይን ከጨመሩልኝ እኔ አይደለሁም።»

በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ።

«እኔም አልግደረደርም» አለች ማንጠግቦሽ። «ልጅ የለኝም። ለሁሉም አልቅሻለሁ፤ ለአልቃሽ ማን ያለቅስለታል? የምሞት ቀን አንድ ሰው ቀና ብሎ 'ይህች ማን ነበረች?' ቢል ይበቃኛል።» ከዚያ ወደ ሠዓሊው ዞረች። «አንተስ?»

እንቆባሕርይ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ ከማንም በላይ ይፈልጋት ነበር። ከመልአኩ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ «ቃል ያደረሰ» የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ሆኖ፣ ያን ማክሰኞ ያየውን ሰርግ ከልቡ ሊያወጣው ይፈልግ ነበር።

«እኔም» አለ። «እኔም እፈልጋታለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ከስድስት ዓመት በኋላ ቀለም በጠበጠ። እጁ አልረሳም። ተንበርካኪውን ሣለ፤ ነጠላውን ሣለ፤ የተዘረጉትን ሁለት እጆች ሣለ፤ የጭንቅላቱን ክብ አወጣ። ከበላዩ «ቃል ያደረሰ» ብሎ ጻፈ። ንጉሡን ሠ የሚሻ ቃል አልነበረበትምና መሪጌታም አልተቆጡም። የቀረው ፊቱ ብቻ ነው። ብሩሹን ነክሮ አነሣ፤ ዳምጤና ማንጠግቦሽም ከኋላው ቆመው ይጠብቃሉ።

እጁ እንደተነሣ እዚህ ላይ ልተውላችሁ። ቃል አንድ ሰው ሲያበጀው ነው የሚደርሰው፣ አንድ ሰው ሲልከው ወይስ አንድ ሰው ሲሰማው? እናንተ ብሩሹን ብትይዙ፣ ከገብርኤል እግር ሥር የማንን ፊት ትሥሉ ነበር? ዳምጤን ካላችሁ ደግሞ፣ በስንት ዓይን?